ምዕራፍ 7፦ ስንት ሞተ? ስንትስ ይጠበቅ ነበር?

ባለፉት ምዕራፎች ልብ እንዴት እንደሚሠራ፣ ቫልቮቹ በምን እንደሚበላሹ፣ የልብና ሳንባ ማሽንም ልብ ቆሞ ሳለ የታካሚውን ሕይወት እንዴት እንደሚያቆይ አይተናል። እስካሁን ያየነው ሁሉ በአንድ ታካሚ አልጋ ዙሪያ የሚከናወን ነበር። በዚህ ምዕራፍ ከቀዶ ጥገና ክፍሉ ወጥተን ወደ መዝገቡ እንሄዳለን። ጥያቄያችን አንድ ነው፤ አንድ ሆስፒታል የልብ ቀዶ ጥገናን በደንብ እንደሚሠራ በምን እናውቃለን?

መልሱ ቀላል ይመስላል፤ የሞቱትን ቆጥሮ ለታከሙት ማካፈል። ይህ መልስ ግን ብዙ ሰው አሳስቷል፤ ጥሩ ሐኪም አስወቅሷል፤ ደካማውን ደግሞ ሸፍኗል። የሞት ቁጥር ትርጉም የሚኖረው ሁለተኛ ቁጥር አጠገቡ ሲቀመጥ ብቻ ነው። ያ ሁለተኛ ቁጥር ምን እንደሆነ፣ ከየት እንደሚመጣና ሕይወት እንዴት እንደሚያተርፍ ማስረዳት የዚህ ምዕራፍ ሥራ ነው። (በምዕራፉ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የ1986ቱ ዝርዝር

በማርች 1986 የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት የሆስፒታሎችን ስም የያዘ ዝርዝር ይፋ አደረገ። መረጃው የተገኘው ሜዲኬር ከሚባለው የአረጋውያን የጤና መድን የክፍያ ሰነዶች ነው። በዝርዝሩ ላይ የሞት መጠናቸው ከተገመተው እጅግ ከፍ ያለ ሆስፒታሎች ነበሩ። ከሁሉም የባሰ ሆኖ የተገኘው ተቋም ከታካሚዎቹ ከመቶ 87 በላይ የሚሆኑት ሞተውበታል።

ነገሩ ሲጣራ ተቋሙ ሆስፒስ ሆኖ ተገኘ። ሆስፒስ መዳን የማይጠበቅላቸው ሰዎች ሕመማቸው ተቃልሎላቸው የመጨረሻ ጊዜያቸውን የሚያሳልፉበት ቦታ ነው። ወደዚያ የገባ ሰው እዚያው ቢሞት የሕክምና ጉድለት አይባልም። የክፍያ ሰነዱ ሰውየው ሲገባ ምን ያህል ታሞ እንደነበር በቅጡ ስለማይናገር፣ ስሌቱም ያንን ሊያይ አልቻለም።

ይህ ክስተት የአሜሪካን የልብ ቀዶ ሐኪሞች አነቃቸው። በውጤታቸው መመዘናቸው እንደማይቀር ተረዱ፤ በተሳሳተ መረጃ እንዳይመዘኑ ከፈለጉም ትክክለኛውን መረጃ ራሳቸው መሰብሰብ ነበረባቸው። የደረት ቀዶ ሐኪሞች ማኅበር፣ በእንግሊዝኛ ምህጻሩ ኤስቲኤስ፣ በ1989 አገር አቀፍ የመረጃ ቋት አቋቋመ። ዛሬ በዚህ ቋት ውስጥ የሚሊዮኖች ቀዶ ጥገና ተመዝግቦ ይገኛል፤ በአሜሪካ የአዋቂዎችን ልብ በቀዶ ጥገና ከሚያክሙ ሆስፒታሎች አብዛኞቹም ይሳተፉበታል።

ሁለት ሾፌሮች

ማዕከላዊውን ሐሳብ ለመረዳት ሁለት የአውቶቡስ ሾፌሮችን እናስብ። አንደኛው ከአዲስ አበባ አዳማ በፈጣን መንገዱ ይመላለሳል። መንገዱ ሰፊ ነው፤ ከብትና እግረኛ አይገባበትም። ሁለተኛው ከጎሐ ጽዮን ተነስቶ የዓባይን በረሃ ይወርዳል፤ ድልድዩን ተሻግሮ ቁልቁል የወረደውን ያህል እየተጠማዘዘ ወደ ደጀን ይወጣል። የሁለቱን የዓመት መዝገብ ብንገልጥ ስንት ጊዜ እንደዘገዩ፣ ስንት ጊዜ ፍሬን እንደጋለባቸው፣ ስንት ጊዜ መንገድ ላይ እንደቆሙ እናያለን። የዓባዩ ሾፌር መዝገብ የባሰ መሆኑ አይቀርም። ከዚህ ተነስተን የአዳማው ይበልጣል ብንል መንገዱን የሚያውቅ ሰው አይቀበለንም። የቆጠርነው የመንገዱን ክብደት እንጂ የሾፌሩን ችሎታ አይደለምና።

ፍትሐዊው አሠራር የሚከተለው ነው። ለእያንዳንዱ ጉዞ፣ መካከለኛ ችሎታ ያለው ሾፌር በዚያው መንገድ፣ በዚያው ወቅት፣ በዚያው ጭነት ስንት ሰዓት ይፈጅበት እንደነበር እንገምታለን። የዓመቱን ግምት ሁሉ እንደምራለን። ከዚያ ሾፌሩ በእርግጥ የፈጀበትን ሰዓት ከዚህ ድምር ጋር እናስተያያለን። የዓባዩ ሾፌር ከሚጠበቅበት ቀድሞ ከደረሰ ጎበዝ ነው፤ የአዳማው ከሚጠበቅበት ከዘገየ በቀጥታ መንገድ ላይ ሰንፏል ማለት ነው።

በልብ ቀዶ ጥገና መንገዱ ታካሚው ይዞት የሚመጣው ሕመም ነው። አንዱ የ50 ዓመት ሰው ነው፤ ኩላሊቱ ደህና፣ ሳንባው ደህና፣ ልቡም ጠንካራ ነው፤ በቀጠሮ መጥቶ ለጠበበ የልብ ደም ሥሩ ማለፊያ ያሠራል። ይህን ቀዶ ጥገና ብዙ ሰው ባይፓስ ይለዋል። ሌላዋ የ80 ዓመት እናት ናቸው፤ ደረታቸው ከዚህ በፊት ተከፍቷል፤ አሁን ደግሞ ደም ግፊታቸው ወርዶ በአምቡላንስ መጥተዋል። ለሁለቱ የሚሰጠው ቀዶ ጥገና አንድ ዓይነት ስም ቢኖረውም የሚያስከትለው አደጋ ግን ፈጽሞ የተለያየ ነው። ስለዚህ አጠገብ ለአጠገብ መቀመጥ ያለባቸው ሁለት ቁጥሮች በእርግጥ የሞቱት ብዛትና ከእነዚህ ታካሚዎች መካከል ይሞታሉ ተብሎ የሚጠበቀው ብዛት ናቸው። የዘርፉ ሰዎች ይህን አሠራር የአደጋ ማስተካከያ ይሉታል።

ተራ የሚመስለው ቅጽ

የሚጠበቀውን ለማወቅ መነሻው ቅጽ ነው። ነርሷ ወይም መረጃ ሰብሳቢው ከቀዶ ጥገናው በፊት የታካሚውን ሁኔታ ይሞላሉ። ዕድሜና ጾታ ይጻፋል። ስኳር አለ ወይ? በክኒን ነው የሚታከመው በኢንሱሊን? የኩላሊትን ሥራ የሚያሳየው ክሬቲኒን ስንት ነው? የቆየ የሳንባ ሕመም አለ? ስትሮክ መቶ ያውቃል? ደረት ከዚህ በፊት ተከፍቷል? ልብ በአንድ ምት ከያዘው ደም ከመቶ ስንቱን ይረጫል? ታካሚው የመጣው በቀጠሮ ነው በድንገተኛ?

ከቀዶ ጥገናው በኋላ ደግሞ የሆነው ይሞላል። ሞት ብቻ አይደለም የሚመዘገበው፤ ስትሮክ፣ የኩላሊት መድከም፣ የደረት አጥንት ቁስል ውስጥ የገባ ኢንፌክሽን፣ ከ24 ሰዓት በላይ በመተንፈሻ ማሽን መቆየት፣ ተመልሶ ቀዶ ጥገና ክፍል መግባትም አብረው ይጻፋሉ። ከሞት የተረፈ ነገር ግን ግማሽ ጎኑ የማይታዘዝለት ሰው በውጤቱ ውስጥ መታየት አለበትና።

ይህ ቅጽ ከክፍያ ሰነድ የሚለየው በአንድ መሠረታዊ ነገር ነው፤ ከቀዶ ጥገናው በፊት የነበረውንና በኋላ የመጣውን ለይቶ ይጽፋል። የክፍያ ሰነድ «የኩላሊት መድከም» ብሎ ሊያልፍ ይችላል። ኩላሊቱ ታካሚው ሲመጣ ደክሞ ከነበረ መንገዱን የሚያከብድ ነገር ነው። የደከመው ከቀዶ ጥገናው በኋላ ከሆነ ግን ከሕክምናው ውጤቶች አንዱ ነው። ሁለቱን ማደባለቅ ሆስፒታሉ ራሱ ያደረሰውን ጉዳት ለራሱ ማመካኛ አድርጎ እንዲቆጥር መፍቀድ ነው።

የቃላት ፍቺም ቀድሞ ካልተወሰነ መዝገቡ አይረባም። «ሞተ» የሚለው እንኳ ስምምነት ይፈልጋል። ታካሚው በ20ኛው ቀን ቤቱ ሄዶ ቢሞትስ? ከሁለት ወር በኋላ ገና ከጽኑ ሕሙማን ክፍል ሳይወጣ ቢሞትስ? በኤስቲኤስ አሠራር ሁለቱም ይቆጠራሉ። ከሆስፒታል ሳይወጣ የሞተ ሁሉ፣ የቱንም ያህል ቢቆይ፣ ይመዘገባል፤ ወጥቶ ከቀዶ ጥገናው በ30 ቀን ውስጥ የሞተም እንዲሁ። ይህ ደንብ ባይኖር ኖሮ የከበደበትን ታካሚ ቶሎ ወደ ሌላ ተቋም የሚያዛውር ሆስፒታል ጎበዝ መስሎ ይታይ ነበር።

ከሺህ ቅጾች ወደ አንድ ነጥብ

ቅጾቹ ሲጠራቀሙ ያለፉት ታካሚዎች ስለሚመጣው ታካሚ መናገር ይጀምራሉ። ዩሮስኮር የተባለው የአውሮፓ መለኪያ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ሥራውን የመሩት በእንግሊዝ የፓፕወርዝ ሆስፒታሉ ሳመር ናሼፍና የማርቲኒኩ ፍራንሷ ሮክ ነበሩ። በ1995 ከሴፕቴምበር እስከ ዲሴምበር፣ በስምንት አገሮች በሚገኙ 128 ሆስፒታሎች ወደ 19,000 የሚሆኑ ታካሚዎች ተመዘገቡ፤ ስለ እያንዳንዳቸው 97 ነገሮች ተጠይቀዋል።

ከዚያ የስታቲስቲክስ ባለሙያዎች ነገሮቹን አንድ በአንድ መረመሩ። ጥያቄያቸው «ሌላው ሁሉ እኩል ቢሆን፣ ይህ አንድ ነገር ያለበት ሰው ከሌለበት ሰው ይልቅ የመሞት ዕድሉ ይጨምራል ወይ?» የሚል ነበር። በመጨረሻ 17 ነገሮች ቀሩ። ስኳር ከ17ቱ ውስጥ አልገባም። ስኳር ልብን አይጎዳም ማለት ግን አይደለም፤ ሌሎቹ ነገሮች ከተቆጠሩ በኋላ በዚያ መረጃ ውስጥ ለብቻው የሚጨምረው ክብደት ጎልቶ አልወጣም ማለት ነው።

በ1999 የወጣው ቀመር ሐኪም በአልጋ አጠገብ ቆሞ በጣቱ ሊደምረው የሚችል ነበር። ከ60 ዓመት በላይ ለእያንዳንዱ አምስት ዓመት ወይም ለከፊሉ 1 ነጥብ፤ ሴት ከሆነች 1፤ የቆየ የሳንባ ሕመም 1፤ ከዚህ በፊት የተደረገ የልብ ቀዶ ጥገና 3፤ ልብ በጣም ከደከመ 3፤ በድንገተኛ ከሆነ 2፤ ሌሎቹም እንዲሁ። የ58 ዓመት ሰው ልቡ ደህና ሆኖ በቀጠሮ ባይፓስ ቢሠራ ነጥቡ 0 ነው። የ72 ዓመት ሴት የቆየ የሳንባ ሕመም ካላቸውና ደረታቸው ከዚህ በፊት ለልብ ከተከፈተ በዕድሜ 3፣ በጾታ 1፣ በሳንባ 1፣ በቀድሞው ቀዶ ጥገና 3፣ በድምሩ 8 ይሆናል። በጥናቱ ከ0 እስከ 2 ነጥብ ካላቸው መካከል የሞቱት ከመቶ አንድ እንኳ አልሞሉም፤ 0.8 ብቻ ነበሩ። ከ3 እስከ 5 ካላቸው 3 በመቶ፣ 6ና ከዚያ በላይ ካላቸው 11.2 በመቶ ሞተዋል።

ይህ ነጥብ ትንቢት ተደርጎ መወሰድ የለበትም። 11 በመቶ ማለት እንዲህ ካሉ መቶ ሰዎች 89ኙ ያህል በሕይወት ይተርፋሉ ማለት ነው። ከመቶው እርስዎ የትኛው እንደሚሆኑ ነጥቡ አያውቅም። የሚያገለግለው ለሁለት ነገር ነው፤ ታካሚና ሐኪም ዓይናቸውን ገልጠው እንዲወስኑ፣ የሆስፒታሉም ውጤት በትክክል እንዲመዘን።

ሁለቱ ቁጥሮች ሲገናኙ

ሒሳቡን በቀላል ምሳሌ እንሥራው። አንድ ሆስፒታል በዓመት 400 ታካሚ ቀዶ ጥገና አደረገ እንበል። የእያንዳንዱ ታካሚ ግምታዊ አደጋ ተደምሮ 8 ሞት ይጠበቅ ነበር፤ የሞቱት ግን 12 ናቸው። 12 ለ8 ሲካፈል 1.5 ይሆናል፤ ከሚጠበቀው በአንድ ተኩል እጥፍ ሞተዋል ማለት ነው። ሌላው ሆስፒታል ከባድ ከባዱን ይቀበላል፤ 25 ሞት ይጠበቅበት ነበር፤ የሞቱበት 20 ናቸው። ሲካፈል 0.8 ነው። በሬሳ ቁጥር ብቻ ቢታይ ሁለተኛው የባሰ ነው። በእውነቱ ግን አምስት ሰው ያተረፈው እሱ ነው።

ይሁንና እዚህም ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ትንሽ ቁጥር ያታልላል። 50 ታካሚ ብቻ የሚያክም፣ የእያንዳንዱም አደጋ 2 በመቶ የሆነ ማዕከል አንድ ሞት ይጠበቅበታል። ሦስት ቢሞቱበት ከሚጠበቀው ሦስት እጥፍ ነው፤ ያስደነግጣል። ግን ማዕከሉ ምንም ጉድለት ባይኖርበት እንኳ በአጋጣሚ ብቻ ሦስት ወይም ከዚያ በላይ ሞት የማየት ዕድሉ ወደ 8 በመቶ ይደርሳል። እኩል ብቃት ያላቸው 13 ማዕከላት ቢኖሩ ከመካከላቸው አንዱ ያለ ጥፋቱ እንዲህ ሆኖ ሊታይ ይችላል ማለት ነው። ለዚህ ነው ጥሩ ዘገባዎች ከቁጥሩ ጎን የጥርጣሬውን ስፋት የሚያትሙት፤ የብዙ ዓመታት መረጃም አንድ ላይ የሚመዘነው ለዚሁ ነው።

አልባኒ፦ 42 ታካሚዎች

ኒው ዮርክ ግዛት በ1989 የባይፓስ ቀዶ ጥገናዎችን ሁሉ መመዝገብ ጀመረ። በግዛቱ የጤና ኮሚሽነር ዴቪድ አክስልሮድ ዘመን የተጀመረው ይህ ሥራ በ1990 መጨረሻ የሆስፒታሎችን የተስተካከለ የሞት መጠን ለሕዝብ አወጣ። ኒውስዴይ የተባለው ጋዜጣ ከስሶ በ1991 የእያንዳንዱ ቀዶ ሐኪም ውጤትም እንዲታተም አስወሰነ።

በአልባኒ ከተማ የሚገኘው ሴንት ፒተርስ ሆስፒታል ከሚጠበቀው በላይ ሞት ከታየባቸው አንዱ ነበር። እያንዳንዱን ሞት ለብቻው ብናነብ ለሁሉም ምክንያት እናገኝለታለን፤ ይኼኛው በጣም ደክሞ ነበር፤ ያኛዋ ዘግይታ መጣች። ሆስፒታሉ መረጃውን በታካሚ ዓይነት ሲከፋፍለው ግን ሌላ ነገር ታየ። በቀጠሮ የመጡት ውጤት ከግዛቱ ጋር እኩል ነበር። ችግሩ የተከማቸው በድንገተኛ በመጡት ላይ ነው። በ1992 ከነበሩት 42 ድንገተኛ ታካሚዎች 11ዱ ሞተዋል፤ 26 በመቶ መሆኑ ነው። በግዛቱ በሙሉ ለእንዲህ ያሉ ታካሚዎች የነበረው ወደ 7 በመቶ ነው።

ምክንያቱ የቀዶ ሐኪሞቹ እጅ አልነበረም። ድንገተኛ የልብ ሕመም፣ በተለምዶ ሃርት አታክ የሚባለው፣ የያዛቸው፣ ደም ግፊታቸው የወደቀ ሰዎች ሳይረጋጉ በጥድፊያ ወደ ቀዶ ጥገና ይገቡ ነበር። ሆስፒታሉ አሠራሩን ለወጠ። ታካሚው መጀመሪያ እንዲረጋጋ ተደረገ፤ ለዚህም አንዱ መሣሪያ በጭን ደም ሥር ገብቶ በዋናው ደም ቧንቧ ውስጥ ከልብ ምት ጋር እየተነፋና እየሟሸሸ ልብን የሚያግዝ ፊኛ ነው። በቀጣዩ ዓመት በ1993 በድንገተኛ 54 ታካሚዎች ቀዶ ጥገና ተደረገላቸው። አንዳቸውም አልሞቱም።

በኒው ዮርክ በአጠቃላይ የባይፓስ የተስተካከለ የሞት መጠን በ1989 ከነበረው 4.17 በመቶ በ1992 ወደ 2.45 በመቶ ወረደ። ማንንም በስም ሳያጋልጡ የተሻሻሉም አሉ። በሜይን፣ ኒው ሃምፕሻየርና ቨርሞንት የሚገኙ አምስት ሆስፒታሎች በ1987 ማኅበር መሥርተው ውጤታቸውን እርስ በርስ ተለዋወጡ፤ 23ቱ ቀዶ ሐኪሞቻቸውና ባልደረቦቻቸው አንዱ ወደ ሌላው ሆስፒታል እየሄዱ አሠራር አዩ። የሞት መጠናቸው ከሚጠበቀው 24 በመቶ ቀነሰ።

ብሪስቶል፦ መዝገብ እያለ

ተቃራኒው በእንግሊዝ አገር ብሪስቶል ደረሰ። በ1988 ወደዚያ ሆስፒታል የገባው የማደንዘዣ ሐኪም ስቲቨን ቦልሲን በሕፃናት የልብ ቀዶ ጥገና ላይ የሚያየው ሞትና የቀዶ ጥገናው ርዝመት አሳሰበው። ውጤቶችን መዝግቦ ለኃላፊዎች አሳወቀ። ቀዶ ጥገናው ግን እስከ 1995 ቀጠለ። በኢያን ኬኔዲ የተመራው የሕዝብ ምርመራ በ2001 ባወጣው ሪፖርት፣ ከ1991 እስከ 1995 ከአንድ ዓመት በታች ያሉ ከ30 እስከ 35 የሚሆኑ ሕፃናት በተመሳሳይ ማዕከላት ከሚጠበቀው በላይ እንደሞቱ አረጋገጠ።

ይህን ታሪክ ይበልጥ አሳዛኝ የሚያደርገው መረጃው መኖሩ ነው። ቁጥሮች በሆስፒታሉም፣ በማኅበራትም፣ በመንግሥት መሥሪያ ቤትም ነበሩ። ከሚጠበቀው ጋር አስተያይቶ «ይህ ልክ አይደለም፤ ይቁም» ማለት የማን ኃላፊነት እንደሆነ ግን አልተለየም ነበር። የመረጃ ቋት ባለቤትና አንባቢ ካላገኘ ማንንም አያድንም።

ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ በ1997 የእንግሊዝ ሐኪሞችና የስታቲስቲክስ ባለሙያዎች ውጤትን በየታካሚው የሚከታተል መስመር አስተዋወቁ። ግምታዊ አደጋው 5 በመቶ የሆነ ታካሚ ከተረፈ መስመሩ በ0.05 ከፍ ይላል፤ ከሞተ በ0.95 ዝቅ ይላል። እንደሚጠበቀው የሚሠራ ቡድን መስመር በዜሮ ዙሪያ ይዋልላል። መስመሩ ያለማቋረጥ ወደ ታች ሲሄድ ቡድኑ ዓመት ሳይጠብቅ ቆም ብሎ ራሱን ይመረምራል።

መዝገቡ ሲጣመም

ይህ አሠራር ሁለት ፈተናዎች አሉበት፤ ወደ ሾፌሮቻችን ብንመለስ ሁለቱም ይታዩናል።

አንደኛው መንገዱን ከሆነው አክብዶ መጻፍ ነው። በኒው ዮርክ የቆየ የሳንባ ሕመም አለባቸው ተብለው የተመዘገቡት ታካሚዎች በ1989 ከነበሩበት 6.9 በመቶ በ1991 ወደ 17.4 በመቶ ዘለሉ። በሁለት ዓመት የሕዝቡ ሳንባ እንዲህ አልታመመም። ከፊሉ ቀድሞ የማይመዘገበውን በጥንቃቄ መመዝገብ ሊሆን ይችላል፤ ከፊሉ ግን የሚጠበቀውን ሞት ከፍ አድርጎ ራስን ማሳመር እንዳይሆን ያሠጋል። ስለዚህ ከተሞሉት ቅጾች በናሙና ወስዶ ከታካሚው ካርድ ጋር የሚያመሳክር የውጭ መርማሪ የግድ ነው።

ሁለተኛው የባሰ ነው፤ ሾፌሩ ስሙን ለመጠበቅ የዓባይን መንገድ አልነዳም ማለቱ። ፔንሲልቫኒያ የቀዶ ሐኪሞችን ውጤት ማተም ከጀመረች በኋላ በተደረገና በ1996 በታተመ መጠይቅ፣ 63 በመቶ የሚሆኑ የልብ ቀዶ ሐኪሞች በጽኑ የታመሙትን ለመቀበል ፈቃደኝነታቸው መቀነሱን ተናግረዋል። ከቀዶ ጥገናው ይበልጥ ሊጠቀም የሚችለው ብዙ ጊዜ በጽኑ የታመመው ነው። ማስተካከያው የከበደውን ታካሚ ክብደት በታማኝነት ከቆጠረ ሐኪሙ የሚፈራበት ምክንያት ይቀንሳል፤ ካልቆጠረ ግን ዋጋውን የሚከፍለው በር የተዘጋበት ታካሚ ነው።

ቀመርም ያረጃል። በ2010 ዩሮስኮር በ43 አገሮች፣ በ154 ሆስፒታሎች፣ በ22,381 ታካሚዎች ላይ እንደገና ተሠራ። ከእነዚህ የሞቱት 3.9 በመቶ ነበሩ፤ በጣት ከሚደመረው ይልቅ የተራቀቀው የቀድሞው ዩሮስኮር ቀመር ግን 7.57 በመቶ ይሞታሉ ብሎ ገምቶ ነበር። በ15 ዓመት ውስጥ ሕክምናው ስለተሻሻለ አሮጌው ቀመር ሆስፒታሎችን ሁሉ ጎበዝ ያስመስል ጀመር።

ቀመሩ ወደ እኛ ሲመጣ

በምዕራፍ 3 ስለ ሩማቲክ የልብ ሕመም ተነጋግረናል፤ በልጅነት በሚመጣ የጉሮሮ ሕመም ተጀምሮ ቫልቭን የሚያኮማትር ነው። ለዚህ ሕመም ከታላላቆቹ መዝገቦች አንዱ በደቡብ አፍሪካዊው ሐኪም ቦንጋኒ ማዮሲ መሪነት የተካሄደው ሬሜዲ ነው። ከ2010 እስከ 2012 በ14 አገሮች በሚገኙ 25 ሆስፒታሎች 3,343 ታካሚዎችን መዝግቧል፤ ኢትዮጵያም ከተሳተፉት አንዷ ናት። የታካሚዎቹ መካከለኛ ዕድሜ 28 ዓመት ነበር፤ ከሦስቱ ሁለቱ ሴቶች ናቸው። በሁለት ዓመት ውስጥ 16.9 በመቶ ሞቱ።

እነዚህን ሰዎች የመጀመሪያው ዩሮስኮር ከተሠራባቸው ጋር አስተያዩአቸው። የዚያኞቹ አማካይ ዕድሜ ከ60 በላይ ነበር፤ ወደ ሁለት ሦስተኛ የሚሆኑት የመጡት ለባይፓስ ነው። አንዲት የ24 ዓመት ወጣት ቫልቭ ልታስቀይር ብትመጣ ዕድሜዋ ምንም ነጥብ አያስቆጥርባትም። በጾታ 1፣ ከባይፓስ ውጭ ለሆነ ቀዶ ጥገና 2፣ የሳንባ ደም ሥር ግፊቷ በጣም ከፍ ያለ ከሆነ 2፣ በድምሩ 5 ነጥብ ታገኛለች፤ መካከለኛ አደጋ ማለት ነው። ዓመታት የቆየው ሕመም ያደከመው የቀኝ ልቧ፣ የተጨናነቀው ጉበቷ፣ የከሳው ሰውነቷ ግን በ17ቱ ነገሮች ውስጥ የሉም። የአዳማን መንገድ በለካንበት ሰዓት የዓባይን በረሃ መለካት አይቻልም። ለእኛ ታካሚዎች የሚስማማ ግምት ከእኛው ታካሚዎች መዝገብ መውጣት አለበት።

ሬሜዲ ሌላም ነገር አሳይቷል። ሰው ሠራሽ የብረት ቫልቭ የገባላቸው ሰዎች ደም እንዳይረጋባቸው ዕድሜ ልካቸውን የደም ማቅጠኛ ይወስዳሉ፤ አንዳንድ ሌሎች የልብ ሕመምተኞችም ያስፈልጋቸዋል። በመዝገቡ ውስጥ መድኃኒቱ ከሚያስፈልጋቸው መካከል የደማቸው መለኪያ በሚፈለገው ልክ ላይ የተገኘው ጥቂቶቹ ብቻ ነበሩ። ቀዶ ጥገናው የቱንም ያህል ቢያምር ቀጣዩ ክትትል ከላላ ሕይወት ይጠፋል። በጥቁር አንበሳ ግቢ በሚገኘው የልብ ማዕከል ታክሞ ወደ ገጠር ቀዬው የተመለሰ ልጅ ከወር በኋላ እንዴት እንደሆነ የሚያውቅ መዝገብ ከሌለ፣ ቀዶ ጥገናው ተሳክቷል ማለት ግማሽ ዕውቀት ነው።

ለአንባቢ

የዚህ ምዕራፍ ሐሳብ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጠቃለላል፤ የሆነውን ከሚጠበቀው ጋር ሳያስተያዩ ስለ ቀዶ ጥገና ጥራት መፍረድ ስሕተት ነው፤ የሚጠበቀውም የሚታወቀው እያንዳንዱ ታካሚ በእውነት ሲመዘገብ ብቻ ነው።

እርስዎ ወይም ዘመድዎ ለልብ ቀዶ ጥገና ከታጫችሁ ሐኪሙን ሦስት ነገር ጠይቁ። እንደ እኔ ላለ ሰው አደጋው ስንት ይገመታል? የዚህ ሆስፒታል ውጤት ከሚጠበቀው ጋር ሲተያይ እንዴት ነው? ቀዶ ጥገናው ቢቀርስ ምን ይጠብቀኛል? በአሜሪካ የምትኖሩ አንባብያን በፈቃዳቸው ውጤታቸውን ይፋ የሚያደርጉ ሆስፒታሎችን ደረጃ በኤስቲኤስ ድረ ገጽ ላይ ማየት ትችላላችሁ።

እናንተም ድርሻ አላችሁ። ቅጹ ሲሞላ የጀመራችሁትን መድኃኒት፣ ያቋረጣችሁትን፣ ሲጋራውን፣ የድሮውን ሕመም ሁሉ ሳትደብቁ ተናገሩ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እንደሚባለው፣ የተደበቀ ነገር የሚጎዳው መጀመሪያ እናንተን ነው፤ ቀጥሎም መዝገቡን አሳስቶ ከእናንተ በኋላ የሚመጣውን ታካሚ ይጎዳል። ከወር በኋላ ከሆስፒታሉ ስልክ ከተደወለላችሁ አንሱት፤ እንዴት እንደሆናችሁም በትክክል ንገሯቸው።